ሪከርዱ የሚሰበረው በብር ነው፦ የዓለም ነዳጅ ዋጋ ባሕር ዳር እስኪደርስ

ሐምሌ 4 ቀን 2000 ዓ.ም. አንድ በርሚል ድፍድፍ ነዳጅ 147 ዶላር ገባ። ገበያው እስከዚያች ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ዋጋ አይቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጉድ ታይቷል። ሚያዝያ 2012 ላይ፣ ዓለም ኮሮናን ፈርቶ ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ፣ የአሜሪካ ነዳጅ ዋጋ ከዜሮ በታች ወረደ። ሻጩ «እባካችሁ አንሱልኝ» ብሎ ለገዢው ከፈለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። የካቲት 28 ቀን 2014 ብሬንት የተባለው የገበያው መለኪያ 139 ዶላር ነክቶ ተመለሰ። የ2000ውን ሪከርድ ግን አልደረሰበትም።

ይህን ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ትንሽ ግራ ነው። የዓለም ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል። እኛ ማደያ ላይ የምናየው ቁጥር ግን በአብዛኛው መውጣት ብቻ ነው የሚያውቀው። በርሚሉ ሲወደድ ባጃጅ ይጨምራል። በርሚሉ ሲረክስም ባጃጅ ይጨምራል። ታዲያ «የዓለም ገበያ ጨመረ» የሚለው መልስ እስከ የት ያስኬዳል? ግማሽ መንገድ ያስኬዳል። ቀሪው ግማሽ ያለው ብሩ ላይ፣ ድጎማው ላይ፣ መንገዱ ላይ እና ማደያው በር ላይ ነው። የጣና ዳር ሰው ኪሱን በይበልጥ የሚጎዳው ይሄኛው ግማሽ ይመስለኛል። የበርሚሉን ዜና ብቻ ስንከታተል ግን ጥፋቱን ሁሉ ለሩቅ አገር ሰጥተን እንቀመጣለን።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራው

አንድ በርሚል 159 ሊትር ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

በሐምሌ 2000 አንድ ዶላር በ9 ብር ከ60 ሳንቲም አካባቢ ይመነዘር ነበር። ስለዚህ ያ ዓለምን ያስደነገጠ በርሚል በእኛ ገንዘብ 1,400 ብር ገደማ ነው። ለሊትር ሲካፈል 9 ብር አይሞላም። በየካቲት 2014 ዶላር 51 ብር አካባቢ ደርሶ ነበር። 139 ዶላሩ ሲመነዘር 7,000 ብር ያልፋል። ሊትሩ 44 ብር ከምናምን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ 2017 ክረምት እንምጣ። የዓለም ገበያ ረገብ ብሏል። በርሚሉ 68 ዶላር አካባቢ ነው፤ የ2000ውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ዶላሩ ግን 135 ብር ገብቷል። ስናባዛው ከ9,000 ብር በላይ ይመጣል። ሊትሩ 57 ብር ከምናምን።

ዓለም «ነዳጅ ረከሰ» ባለበት በዚያ ክረምት፣ እኛ በብር ስናስበው ነዳጁ ከሪከርዱ ዘመን ከስድስት እጥፍ በላይ ተወዷል። የዩክሬን ጦርነት ከፈጠረው ጫፍ እንኳ በልጧል። ዜናው ላይ ሪከርድ የለም። እኛ ጋ አለ።

ሌላም ነገር ከዚህ ይወጣል። ዛሬ ዶላር በ140 ብር ነው እንበል። የዓለም ዋጋ 10 ዶላር ብቻ ቢጨምር አንድ ሊትር ላይ ወደ 9 ብር ይመጣል። በ2000 ይኸው 10 ዶላር ሊትሩ ላይ የሚያመጣው 60 ሳንቲም ነበር። ድሮ ልብ የማንለው የገበያ መወዛወዝ ዛሬ አንድ እንጀራ ያህል የሚያስወጣን ለዚህ ነው። ድንጋጤያችን የጨመረው ዓለም ስለባሰባት ብቻ አይደለም። ብሩ ሲሳሳ የመከላከያ ካፖርቱ አብሮ ሳሳ።

አንባቢ ልብ ይበል፤ እስካሁን ያወራሁት ስለ ድፍድፉ ነው። ኢትዮጵያ ድፍድፍ አትገዛም። የአሰብ ማጣሪያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከተዘጋ ወዲህ ተጣርቶ ያለቀለትን ቤንዚንና ናፍጣ ነው የምናስገባው። በላዩ ላይ የማጣሪያው ትርፍ አለ፣ የመርከቡ ኪራይ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የጅቡቲ ወደብ አገልግሎት አለ፣ የቦቴ ጭነት አለ፣ የኩባንያውና የማደያው ድርሻ አለ፣ ታክስ አለ። ማደያ ላይ የምናየው ቁጥር ከድፍድፉ እጥፍ ቢሆን መነሻው ይኸው ነው።

ድጎማው ሲደብቀው የነበረው

አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ብሬንት 139 ዶላር በነካበት ሰሞን አዲስ አበባ ማደያ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 31 ብር ከ74 ሳንቲም ነበር። ጫፉን ትተን 110 ዶላር ብንይዝ እንኳ ድፍድፉ ብቻ ለሊትር 35 ብር ያወጣል። ያልተጣራው፣ ያልተጓጓዘው፣ ገና መርከብ ላይ ያልወጣው ነዳጅ ማደያ ላይ ከሚሸጠው ቤንዚን ይወደድ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱን መንግሥት በነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ በኩል ይሸፍን ነበር። ፈንዱ ራሱ ከ100 ቢሊዮን ብር በላይ ዕዳ ውስጥ ገባ።

ስለዚህ የዓለም ዋጋ በእርግጥ ጣሪያ በነካበት ጊዜ እኛ ብዙም አልተሰማንም። ሒሳቡ ተጻፈብን እንጂ አልተከፈለም። ክፍያው የመጣው በኋላ ነው። ከ2014 ክረምት ጀምሮ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ ተለይቶ እንዲሰጥ ተደረገና ለሌላው በየደረጃው ይነሣ ጀመር። ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ዓመቱ ሳያልቅ 120 ብርን ተሻገረ።

በዚያው ታኅሣሥ በርሚሉ 77 ዶላር አካባቢ ነበር። ከ110 ወደ 77 ወረደ። ማደያው ከ31 ወደ 101 ወጣ። እንግዲህ ይህን «የዓለም ገበያ» ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ድጎማው መነሣት አልነበረበትም እያልኩ አይደለም። ብዙ ነዳጅ የሚቀዳው ብዙ ድጎማ የሚያገኝበት አሠራር ነበር፤ ቪ8 ያለው ሰው ከባጃጅ ተሳፋሪው በላይ ይደጎም ነበር። ርካሽ ስለሆነም ነዳጁ በኮንትሮባንድ ድንበር ይሻገር ነበር። አገሪቱ በዓመት ለነዳጅ የምታወጣው ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ነው። በ2017 በጀት ዓመት ቡና እስከዚያ ድረስ ያልታየ ገቢ አመጣ ተብሎ የተጨበጨበለት 2.65 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ቡናው ሁሉ ተሸጦ ነዳጁን አይሸፍንም። ችግሩ ድጎማው መነሣቱና ብሩ መውደቁ ተደራርበው መምጣታቸው ነው። አንዱን ለመላመድ ጊዜ ሳናገኝ ሌላው ደረሰ።

መንግሥታት ነዳጅ ላይ እጃቸውን ለመጫን የሚፈሩበትም ታሪክ አላቸው። መስከረም 1966 መጨረሻ ላይ የአረብና የእስራኤል ጦርነት ተነሣ። አረብ አምራቾች ነዳጃቸውን አንሸጥም ብለው ያዙ። 3 ዶላር አካባቢ የነበረው በርሚል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። የንጉሡ መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በግማሽ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ። መንግሥቱ ደንግጦ ዋጋውን መለስ አደረገ፤ ግን መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ወታደሩም ተነሥቶ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። አብዮቱን ያመጣው ቤንዚን ነው ማለት ተረት ይሆናል። ክብሪቱን ከጫሩት አንዱ መሆኑን ግን ማንም አይክድም።

ከባሕረ ሰላጤው እስከ ፓፒረስ ሆቴል አደባባይ

የምንጠቀመው ነዳጅ በብዛት የሚጫነው ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ነው። መርከቡ በሆርሙዝ ሰርጥ ይወጣል። በዚያች ጠባብ በር በቀን 20 ሚሊዮን በርሚል ገደማ ያልፋል፤ ዓለም ከሚጠቀመው አንድ አምስተኛው ማለት ነው። ከዚያ በዓረቢያ ባሕር አድርጎ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ይዞ ጅቡቲ ይገባል። ካርታውን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጅቡቲ ያለችው ወደ ቀይ ባሕር ከሚያስገባው ጠባብ በር፣ ከባብ ኤል መንደብ፣ በፊት ነው። ከኅዳር 2016 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ሲያጠቁ ከሰሜን የሚመጣው ዕቃችን ተቸገረ። ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣው ነዳጅ ግን ያንን በር መሻገር አያስፈልገውም። ለእኛ ነዳጅ ቁልፉ ሆርሙዝ ነው። ኢራን አካባቢ ጥይት ሲጮህ ከአውሮፓ ሰው ቀድመን ጆሯችንን ብናቆም ያምርብናል።

ሰኔ 2017 ላይ ይህን አይተናል። እስራኤልና ኢራን ለ12 ቀን ሲዋጉ 69 ዶላር አካባቢ የነበረው በርሚል 80 ዶላርን ተሻግሮ ነበር። ተኩስ አቁም እንደተባለ ወደ 67 ተመለሰ። ሁለት ሳምንት አልሞላም። የአገር ውስጥ ዋጋ በየዕለቱ ሳይሆን ቆየት እያለ ስለሚከለስ እንዲህ ያለ አጭር ንዝረት አንዳንዴ ሳይነካን ያልፋል። ወሬው ግን አያልፍም። «ሊጨምር ነው» የተባለ ቀን ማታ ሰልፉ ይረዝማል። ማደያው «የለም» ይላል። ሌሊቱን ነዳጁ የት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያውቅም።

ከጅቡቲ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ቦቴው በአዲስ አበባ በኩል ከመጣ የዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። ከጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል። በሚሌ በወልድያ በኩል ከመጣ ደግሞ የወሎና የጋይንት ተራራ አለ። ቦቴው ራሱ ናፍጣ ጠጪ ነው። ናፍጣ ሲወደድ ነዳጅ የሚያመጣው መኪና ኪራይም ይወደዳል። ለዚህም ነው የባሕር ዳር ተመን ከአዲስ አበባው በላይ የሚሆነው።

ያም ቢሆን መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው። ባለፉት ዓመታት እንደምናውቀው መንገድ ይዘጋል። ቦቴ ባለበት ይቆማል፣ በእጀባ ይንቀሳቀሳል፣ ሹፌሩ አልሄድም ይላል። ይህ ወጪ በመንግሥት የተመን ሰንጠረዥ ላይ የለም። የሚከፈለው መንገድ ዳር ነው።

መንገድ ዳር ያለው ዋጋ

ባሕር ዳር ውስጥ ቤንዚን ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ ማደያ ላይ የተለጠፈው ነው። ሌላው በሃይላንድ የሚሸጠው ነው። ያቺ የውኃ ፕላስቲክ ከሰፈር ሱቅ ጀርባ ወይም ከአንድ ልጅ ጃኬት ሥር ትወጣለች። ዋጋዋ እንደየቀኑ ነው። ደህና ቀን ከማደያው ትንሽ ትበልጣለች። ክፉ ቀን እጥፍና ከዚያም በላይ ትሆናለች። አየር በአየር የሚባለው ንግድ ዓይነተኛው ምሳሌ ይሄ ነው፤ ነዳጁን ቀድቶ የሚሸጠው ሰው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልነዳበትም።

ለዚህ ነው የባጃጅ ሒሳብ ከነዳጅ ሒሳብ ጋር አልገጥም የሚለው። እስኪ እንሞክረው። አንድ ባጃጅ በቀን 5 ሊትር ይጠጣል እንበል። ሊትሩ 10 ብር ቢጨምር በቀን 50 ብር ነው። በቀን 60 ሰው ቢጭን ለአንድ ሰው አንድ ብር አይሞላም። ሾፌሩ ግን አምስት ብር ይጨምራል። ተሳፋሪው «ዘራፊ!» ይላል። ይጣላሉ።

ሾፌሩን ብታዋሩት ሌላ ሒሳብ ያወጣላችኋል። ከአምስቱ ሊትር ማደያ ያገኘው ሁለቱን ነው፤ ሦስቱ ሃይላንድ ናቸው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ተሰልፎ እስከ ረፋድ ቆሟል። የጠዋቱ ተሳፋሪ፣ ማለትም የተሻለው ገቢ፣ በሰልፉ ላይ አልቋል። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰልፉ ባለበት ይቆማል። ባለንብረቱ ደግሞ የዕለቱን ገቢ አይምርም፤ ተሰለፍክም ነዳህም ማታ ቁርጡን ታስረክባለህ። ጎማው፣ ዘይቱ፣ ካንዴላው በዶላር የመጣ ነው። በዚያ ላይ ዝርዝር የለም። ሁለት ብር መጨመር ሲበቃው አምስት የሚጨምረው ሁለት ብር የሚመልስለት ሰው ስለሌለ ጭምር ነው። ቀልድ አይደለም፤ የሳንቲም መጥፋት ራሱን የቻለ የዋጋ ንረት ምክንያት ሆኗል።

እንግዲህ የዓለም ዋጋ ሲወርድ ታሪፉ የማይወርደው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ወደ ላይ ያወጣው በርሚሉ ብቻ አልነበረም። ሰልፉ ካልቀነሰ፣ ሃይላንዷ ካልጠፋች፣ ብሩ ካልጠነከረ በርሚሉ 60 ቢገባም ሾፌሩ ዘንድ የተለወጠ ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር አንዴ የለመደውን ታሪፍ በፈቃዱ የሚተው ሾፌርም አላየሁም።

ሐይቁ ላይ

የጣናን ጠርዝ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ከባጃጅ ያልፋል። ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ደቅና ዳጋ እስጢፋኖስ የሚሄዱት ጀልባዎች የሚሠሩት በቤንዚን ነው። ብዙዎቹ ከኋላ የተገጠመች ትንሽ ሞተር አለቻቸው። ወደቡ አጠገብ አንድ ጎልማሳ ጀልባ ነጂ ለጉዞ ሲዘጋጅ አየሁት። ከጀሪካን ቢጫ ፕላስቲክ ቱቦ አውጥቶ ወደ ቀይ ታንከሩ ይቀዳል። ከዚያ የሞተር ዘይት በአንዲት የለስላሳ ክዳን ለክቶ ጨመረ። ክዳኗን ገልብጦ ታንከሩ አፍ ላይ አንጠባጠባት። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ያዛት። ከዚያም ቀጭን እንጨት አስገብቶ እርጥበቱ እስከ የት እንደደረሰ አየ።

«ቱሪስት ጭነህ ግማሽ መንገድ ላይ ቢያልቅብህስ?» አልኩት።

«አይ ወንድሜ፣ ጣና መሐል ማደያ የለ» አለኝ። «ደርሶ መልስ ካልሞላ አልነሣም። ሰው አምስት ይሁን አሥር ሞተሯ የምትጠጣው ያው ነው።»

የጀልባው ችግር እዚህ ላይ ነው። ባጃጅ ተሳፋሪ ባይሞላ ጥቂት መንገድ ሄዶ ይመለሳል። ጀልባ ግን ወይ ይሄዳል ወይ አይሄድም። ቱሪስት በሌለበት፣ ሆቴሉ ጭር ባለበት ዓመት ሦስት ሰው ይዞ ዘጌ መሄድ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ወይ ዋጋው በእጥፍ ይጠራል፣ ወይ ጀልባዋ ታስራ ትውላለች። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ላይ ቡናና የእጅ ሥራ የምትሸጠው ሴትዮ በዜናው ላይ የለችም። የበርሚሉ ዋጋ ግን እሷም ጋ ደርሷል።

ዓሣ አስጋሪውም እንዲሁ። በጣና በሞተር ጀልባ ማስገር የተስፋፋው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የሆላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ያመጡት ፕሮጀክት ነበር። ከዚያ በፊት ሰው የሚያሰግረው በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር። ሞተር መሐሉን ከፈተ። ቤንዚን ሲወደድ ሞተሩ ወደ ዳር ይመለሳል። ይህ የእኔ ስጋት ነው፦ ነጭ ዓሣ የሚባለው የጣና ብርቅ ዝርያ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ይወጣል። የወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ነዳጅ ይቆጥባል። ለዓሣው ግን መርዶ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ፎገራ ነው። ከወረታ ዙሪያ ያለው ሜዳ ክረምት ሩዝ፣ በጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ያበቅላል። የበጋው ሰብል የሚጠጣው በሞተር ተስቦ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ርብና ጉማራ ዳር የሚሰማው ድምፅ የፓምፕ ድምፅ ነው። ገበሬው መኪና የለውም። ማደያ የሚሄደው ጀሪካን ይዞ ነው። ጀሪካን ደግሞ ክልክል ነው፤ ለሃይላንድ ነጋዴ በር ይከፍታል ተብሎ። ስለዚህ ከቀበሌ ደብዳቤ ያጽፋል፣ ማኅተም ያስመታል፣ ተራ ይጠብቃል። ማደያ ሲደርስ «ዛሬ ለመኪና ብቻ» ይባላል። ሽንኩርት ደብዳቤ አይጠብቅም። ሳምንት ውኃ ካጣ ገበሬው ያለው ምርጫ ያንኑ ክልከላው ሊያጠፋው የፈለገውን ነጋዴ ፍለጋ መሄድ ነው። በእጥፍ ይገዛል። በኋላ እኛ ባሕር ዳር ገበያ ላይ «ሽንኩርት ምን ነካው?» እንላለን።

ማዳበሪያውንም ላንሣ፣ በአጭሩ። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ነዳጅ ሲወደድ ብዙውን ጊዜ ጋዝም አብሮ ይወደዳል። ለጎጃም ገበሬ የሆርሙዝ ወሬ በቤንዚን ብቻ ሳይሆን በማዳበሪያ ከረጢትም ይመጣል።

መብራቱስ?

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባል የለ? እኛ የተጠማነው መብራት በሚያመነጭ ውኃ ዳር ተቀምጠን ነው። ጢስ ዓባይ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ያመነጫል። በ2002 የተመረቀው ጣና በለስ የዚሁ ሐይቅ ውኃ በዋሻ ወርዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ውኃው ከዚሁ ከጣና ጀምሮ የሚወርድ ዓባይ ነው። መንግሥትም ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። አቅጣጫው ልክ ነው ባይ ነኝ።

ነገር ግን ኤሌክትሪክ ከዶላር ነፃ ያወጣናል የሚሉትን አልከተልም። ባትሪው፣ ሞተሩ፣ ቻርጀሩ በዶላር ነው የሚመጣው። ልዩነቱ ክፍያው አንዴ መሆኑ ነው። ቤንዚን በየቀኑ ዶላር ይበላል፤ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ሲገዛ አንዴ ይበላና ከዚያ በኋላ የሚጠጣው የአገር ውስጥ ነው። ብሩ በሚወድቅበት አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ግን ያንን የመጀመሪያ ገንዘብ ማን ያበድራል? በዕለት ገቢ የሚኖር ሾፌር ባንክ ሄዶ የሚያስይዘው የለውም። መብራትም ይጠፋል። የፓምፕ ጉዳይ ደግሞ ከባጃጅ ይቀላል፤ ፎገራ ላይ በጋውን ሙሉ ፀሐይ አለ፣ ፓምፑም የሚያስፈልገው በቀን ነው። በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ላይ ብድር ቢመቻች ከማንኛውም የነዳጅ ኮታ በፊት የሚያዋጣው እሱ ይመስለኛል።

ብስክሌትንም መርሳት አይገባም። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት። ድሮም የብስክሌት ከተማ ነበረች። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የብስክሌት መስመር አለው። ከድልድዩ ሲወርዱ ግን ያ መስመር ባጃጅና ሲኖትራክ ውስጥ ይገባል።

እስከዚያው ድረስ ግን የምንኖረው በቤንዚን ነው። በርሚሉ ላይ ሥልጣን የለንም፣ ብሩ ላይም ከባሕር ዳር ሆነን ብዙ የምንለው የለም። ማደያው በር ላይ ግን አለን። የትኛው ቦቴ መቼ ገባ፣ ስንት ሊትር አራገፈ፣ ለማን ተቀዳ የሚለው በየማደያው በር ላይ ቢለጠፍ ምንም ዶላር አያስወጣም። ታሪፉ የነዳጅ ተመን በተከለሰ ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም አብሮ የሚከለስበት ቀን ቢቆረጥ ሾፌሩና ተሳፋሪው በየመንገዱ አይጣሉም። የፎገራው ጀሪካን ጉዳይ ደግሞ ኅዳር ላይ ማደያ በር ላይ የሚወሰን መሆን የለበትም። ጥቅምት ላይ ሩዙ ሲታጨድ ማን ስንት ሞተር እንዳለው ቀበሌው ያውቃል፤ ዝርዝሩ ያኔ ወረታና ባሕር ዳር ላሉ ማደያዎች ቢደርስ፣ ለፓምፕ የተመደበው ቀንም በግልጽ ቢነገር፣ ገበሬው ሽንኩርቱን ከመትከሉ በፊት ነዳጅ እንዳለው ወይም እንደሌለው ያውቃል።